የታሸገው ጉድጓድ አክሲዮኖች

የአክሲዮን ደላላው የወንድሙ ሚስት ቤት ሲደርስ ሳሎኑ ጥቁር በለበሱ ሴቶች ተሞልቶ ነበር። ባሎቻቸው ከወንድሙ ጋር የወርቅ ማውጫው ጉድጓድ ተንዶባቸው የቀሩ ናቸው። ኩባንያው ሬሳ ቆፍሮ ከማውጣት ይልቅ የጉድጓዱን አፍ በሲሚንቶ አሽጎ ለካሳ አክሲዮን አከፋፈላቸው። «ተቀበሉ፤ ይበጃችኋል» ያላቸው እሱ ነበር።

ሲገባ ወሬው ቀጥ አለ። ሴቶቹ ተሰናብተው ወጡ።

«ያ ለፕሬዚዳንትነት የሚወዳደረው ሰውዬ ከተመረጥኩ ማዕድኑን ለመንግሥት እወርሳለሁ ይላል» አለችው የወንድሙ ሚስት። «እውነት ያደርገዋል?»

«ማድረጉንስ ያደርገዋል፤ ግን አይመረጥም። እንዲህ ያለውን መመዘን እንጀራዬ ነው፣ እህቴ። ሰውዬው ፖስተር ማሳተሚያ እንኳ የለውም። አክሲዮንሽን ይዘሽ አርፈሽ ተቀመጪ፤ ዋጋው ገና ይወጣል።»

«ገንዘብ ቢያገኝስ?»

«ያኔማ አለቀልን። ግን ከየት አባቱ ያመጣል?»

ወደ ወጥ ቤቱ ዞር ብላ «ሰማህ?» አለችው።

ጉድጓዱ ከታሸገ ወዲህ ከወለሉ ሥር የሆነ ነገር ያንኳኳል ትላለች። ቧንቧ ሠራተኛ አምጥታ አስፈትሻለች፤ ምንም አልተገኘም። ደላላው ጆሮውን ጣል አደረገ። ኳ፣ ኳ፣ ኳ። ወንድሙ በልጅነታቸው አምሽቶ ሲመጣ፣ አባታቸው እንዳይሰማ በሩን የሚመታው ልክ እንደዚህ ነበር።

«ምንም አልሰማሁም» አለና ውልቅ ብሎ ሄደ።

ለደንበኞቹም ያንኑ ደገመላቸው፤ አይዟችሁ፣ አትሽጡ። የራሱንም ጥሪት እዚያው ላይ ጨመረ።

ብዙም ሳይቆይ የሰውዬው ፎቶ ግድግዳውን ሁሉ አለበሰው። ድምፅ ማጉያ የጫኑ መኪኖች ሰፈር ለሰፈር ይዞሩ ጀመር። «አንድ ተቀናቃኝ ኩባንያ ነው የሚከፍልለት» አለ የቢሮ ባልደረባው። «የውጭ ሰዎች ናቸው» አለ ሌላው። ደላላው ሁለቱንም አመነ። የአክሲዮኑ ዋጋ ቁልቁል ሄደ፤ ገዢም ጠፋ። ኳኳታው አሁን ከራሱ አልጋ ሥር ይሰማው ጀመር። ወለሉን በእጁ ይዳብስና «ምን ላድርግልህ?» ይላል። ማንኳኳቱ ይቀጥላል።

ሰውዬው ተመረጠ። ቃለ መሐላ በፈጸመ ማግስት ማዕድኑ ተወረሰ።

ደላላው ወንድሙ ቤት ደረሰ።

«ይቅር በይኝ፣ እህቴ። ባዶ እጅሽን አስቀረሁሽ።»

ጎንበስ ብላ የጫማዋን ክር ታስር ነበር። «እኛማ ሸጠናል» አለች።

«እነማን? መቼ?»

«እኔና ሴቶቹ። ያን ለት፣ ገንዘብ ካገኘ አለቀልን ያልከኝ ለት። በሌላ ደላላ በኩል ሸጥነው።»

ወንበሩ ላይ ዘጭ አለ። እንባው መጣ። «ተመስገን! ተመስገን! ታዲያ ገንዘቡን የት አደረጋችሁት?»

«ለሰውዬው ሰጠነው» አለች። «በል ተነስ፣ ዛሬ ጉድጓዱን ያስከፍትልናል።»