ጨው የጫነች ፒክአፕ

በስልሳ አምስት ሰኔ ሀሊሜ ፒክአፕዋን ልትሸጥ ነው ተባለ። ቆቦ ውስጥ ያልገረመው አልነበረም። መኪናዋ ሞተሯ ተቃጥሎ ከቆመች ሁለት ዓመቷ ነው።

«ሞተር አስገብቼላታለሁ» አለች ሀሊሜ።

ያስገባችላት የወፍጮዋን ሞተር ነበር። ወፍጮ ቤቷ እህል ካየ ሰባት ወሩ ነው። ድንጋዩ ላይ ዶሮ ታድርበት ነበር፤ ዶሮዋም ተበላች። ግቢው ውስጥ ከቆላ የመጡ አርባ ሰዎች ተኝተዋል። ያን ጊዜ ረሃብ የሚለውን ቃል ጮክ ብሎ የሚያወጣ ስላልነበረ፣ ምን ሆናችሁ ሲባሉ «ትንሽ ደክሞን ነው» ይላሉ። ሀሊሜ ቅጠል እየቀቀለች ታበላቸዋለች። ቅጠሉም ሊያልቅ ነው።

ገዥው ሰላሁዲን ነው፤ ሆዱ ከሱ ቀድሞ መስጊድ የሚደርስ ነጋዴ። ባለፈው ጁምዓ መስጊድ ደጃፍ፣ ሽማግሌ ሁሉ በተሰበሰበበት፣ «ወላሂ መጋዘኔ ውስጥ ከጨው በቀር አንዲት ፍሬ እህል የለም! ጨው ቢበላማ ለሚስኪን ሁሉ ሰደቃ አደርገው ነበር» ብሎ ምሏል። የመጋዘኑ አይጦች ግን ወፍረዋል። ጨው ይስማማቸዋል ማለት ነው።

መኪና የፈለገው ጨዉን ደሴ ሊያወርድበት ነው። ፈንታው የሚባል መካኒክ ከዋጃ ይዞ መጣ።

ኮፈኑን ከፈቱ። ራዲያተር የለም። በቦታው አንድ ሰፊ ክብ ብረት ወደ ውጭ ብቅ ብሏል። ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ከኋላ የቆመ የውሃ በርሜል ነው፤ ሀሊሜ እስከ ግማሹ ሞልታዋለች።

«ይሄ ክብ ብረት ምን ይሠራል?» አለ ሰላሁዲን።

«ጌጥ ነው።»

«የምን ጌጥ?»

«አንተ የወርቅ ጥርስ አለህ። እሷ ደግሞ እሱ አላት።»

ፈንታው ሳቀ። ሰላሁዲን አልሳቀም። ዓይኑ የሀሊሜ ወገብ ላይ አረፈ። ከመዳፍ የሰፋ ጥቁር ጠፍር ሦስት ዙር ጠምጥማበታለች።

«እትዬ ሀሊሜ፣ መቀነት አጡ እንዴ?»

«ሆዴ ባዶ ነው፤ ጠበቅ ካላደረግሁት ይሸሻል። ያንተስ በምን ይታሰራል?»

«ይልቅ ዋጋውን ይንገሩኝ።»

«ሁለት ኩንታል ማሽላ።»

«ምያለሁ እኮ እትዬ! እህል የለኝም። ብር ልስጥዎት።»

«ብር ቀቅዬ ላብላቸው? እህል የለህም አልክ?»

«ወላሂ!»

«እሺ፤ ሰምቻለሁ።»

ፈንታው ማኒቬላውን ላብ እስኪያጠምቀው አዞረው። ሞተሩ ተነሳ። ቱክ፣ ቱክ፣ ቱክ። ጎረቤቷ ሲቲ ቁና ይዛ ከቤቷ በረረች።

«ሀሊሜ! ወፍጮ ተነሳ?»

«መኪና ነው፤ ተመለሺ።»

ሲቲ አልተመለሰችም። ስልቻ የያዘው፣ ጨርቅ የያዘው፣ ባዶ ጣሳ ያንጠለጠለው ሁሉ ድምፁን እየሰማ መጣ። ሽማግሌዎቹም ከጥላቸው ተነስተው መጡ።

ባዶዋን በሰፈሩ ሁለት ጊዜ ነድተው አዞሯት። ምንም አልሆነችም። ይሄ ሰላሁዲንን ይበልጥ አስጠረጠረው።

«ጭነን እንያት» አለ።

«አይሆንም!» አለች ሀሊሜ። «ባዶዋን አይተህ ከወደድካት ውሰዳት።»

«ለምን አትጫንም?»

«አሮጊት ናት። በአሮጊት ላይ ይጫናል?»

ሰላሁዲን ፈንታውን ጠቀሰው። ጉድለቷን ያገኘው መሰለው።

«ድንጋይ እንጫንባት» አለ ፈንታው።

«ድንጋይማ ባሌስትራዋን ይሰብረዋል» አለች ሀሊሜ። «ደሴ የሚወርደው ድንጋይ ሊሸጥ ነው?»

«እውነቷን ነው» አለ ፈንታው። «ጨው ከሆነ የምታመላልሰው፣ በጨው ነው መሞከር ያለባት።»

ሰላሁዲን አመነታ። ሀሊሜ ጥፍሯን ስትነክስ አየና ልቡ ሞላ። መጋዘኑን ከፍቶ አሥር ጆንያ አስጫነ።

«ምንድን ነው?» አለች ሲቲ።

«ጨው» አለ ሰላሁዲን።

«ለጨው ቀለለኝሳ» አለ ተሸካሚው።

ጎብዬ ደርሰው ሊመለሱ ተነሱ። ፈንታው ይነዳል፣ ሰላሁዲን ከጎኑ ተቀምጧል፣ ሀሊሜ ጆንያው ላይ ወጥታለች። ሞተሩ ለሩጫ አልተሠራምና ሕዝቡ በእግሩ አልተቀደመም።

ከተማው ጫፍ ሲደርሱ ሞተሩ ጨሰ። በርሜሉ ደርቋል።

«አላልኩም!» ብሎ ጮኸ ሰላሁዲን፣ ደስ ብሎት። «ይሄው ጉዷ ወጣ! እኔን ልታታልል!»

«ውሃ የት ይገኛል?» አለ ፈንታው።

«እኔ ግቢ፣ ጉድጓዱ» አለች ሀሊሜ አንገቷን ደፍታ። «ሞተሩን ግን እንዳታጠፋው። ከጠፋ ማን ያዞርልሃል?»

እያዘገሙ ተመለሱ።

«ወደ ግድግዳው ጠጋ በል፣ ጥላ አለ» አለች። «ትንሽ ወደፊት። ትንሽ። በቃ!»

ፒክአፕዋ ክብ ብረቷ ከወፍጮ ቤቱ መስኮት ትይዩ ሆኖ ቆመች። ሞተሩ ቱክ፣ ቱክ ይላል። የደከማቸው አርባ ሰዎች ከተኙበት ቀና አሉ። በርሜሉን ሞሉት። ሲቲ በዚያ መሐል አንዱን ጆንያ በጣቷ ወጋችው። ነጭ ማሽላ ቁናዋ ላይ ተንዠቀዠቀ።

ሽማግሌዎቹ ጠጋ አሉ።

«ሰላሁዲን» አለች ሀሊሜ ከጆንያው ላይ፣ «ይሄ ምንድን ነው? እህል ነው ካልክ ይዘህ ሂድ፤ ማንም አይነካብህም። ብቻ ሽማግሌዎቹ ይስሙህ።»

ሰላሁዲን ሽማግሌዎቹን አየ። ማሽላውን አየ። ደግሞ ሽማግሌዎቹን አየ።

«ጨው ነው» አለ።

«ጨዉንማ ሰደቃ አደርገው ነበር ብሎ የለ!» አለች ሲቲ።

«እሱስ አይበላም» አለ ሰላሁዲን፣ ድምፁ ሰልሎ። «ጨው ምን ያደርግላችኋል?»

ሀሊሜ ከመኪናው ወረደችና «እንፈጨዋለና!» ብላ ከወገቧ ላይ ጥቁሩን ጠፍር፣ የወፍጮውን ቺንጋ፣ ፈታች።