የቀኙ ቡሎን

«አሻግሬን ልጥራው?» አለች ሚስቱ። ወንድሟ መካኒክ ነው።

«ያንን ዘይታም?» ሰውየው ከመኪናው ሥር ሳይወጣ ሳቀ። «እሱ መዶሻ እንጂ ጭንቅላት የለውም። እኔ ቪዲዮውን ሦስቴ አይቻለሁ።»

የኋላ ጎማዎቹን የሚይዙት አርሞች አልቀው መኪናው መንገድ ላይ ይዋልላል። ነገ ደብረ ብርሃን የእናቷ ሙት ዓመት ነው። በአውቶብስ እንሂድ ብትለው፣ ከዶሮ ጋር ተጋፍቶ ከሚሄድ ቢቀር እንደሚመርጥ ነግሯታል።

የግራውን እንደምንም ቀየረ። የቀኙ ቡሎን ግን ዝጎ ከብረቱ ጋር አንድ ሆኗል። ሦስት ሰዓት ታገለው። በመጨረሻ ዘይት አፈሰሰበትና «በቃ፣ ቀረን! እናትሽ እንደሆኑ አይቀየሙም» አላት። የላስቲክ ጓንቱን አውልቆ፣ ንጹሕ እጁን ታጥቦ፣ ምሳውን በልቶ ተኛ።

ሲነሳ ቡሎኑ በጣቱ ተሽከረከረለት።

«አየሽ? በዘይት እንዲርስ ጊዜ ስለሰጠሁት ነው! ያንቺ ወንድም ቢሆን ሰብሮት አርፎ ነበር።»

«እውነትህን ነው» አለች ሚስቱ፣ ቀና ሳትል።

አመሻሹ ላይ ሥራውን ጨርሶ ሰፈሩን ዞረበት። መኪናው ቀጥ ብሎ ሄደ።

«ነገ ዘመድ በተሰበሰበበት ለአሻግሬ ራስሽ ትነግሪልኛለሽ» እያለ ጓንቱን አወለቀና ሊታጠብ ገባ።

ምሳ ሰዓት ላይ ነጭ የነበረው ሳሙና በግራሶ ጠቁሯል። ፎጣው ላይም የእሱን እጥፍ የሚያህል መዳፍ ታትሟል።