ከዘጠኝ የጀመረው ፊልም

ተራራው ከተቃጠለ ስድስት ወሩ ነው። ዝናብ ስለቀረ አመዱ እንዳለ ተኝቷል። የፓርኩ ጠባቂ ፊት ፊት ይሄዳል፤ መምህርቷ የፊልም ካሜራዋን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ትከተላለች። የካሜራው ማንገቻ ተበጥሶ በቀጭን ሽቦ ተጠግኗል።

ሰኞ ፍርድ ቤት አለ። የጠባቂው ታናሽ ወንድም ማር ቆራጭ ነው፤ ንቦቹን በጭስ ሲያባርር ጫካውን አቃጠለ ተብሎ ታስሯል። በእሳቱ ሁለት ሰው ሞቷል። የሰፈሩ ሰው ሁሉ ፈርዶበት ጨርሷል። «ቦታውን ፎቶ ላንሳላችሁ፤ ለዳኛው ይጠቅም ይሆናል» ብላ ቤታቸው ድረስ የመጣችው ይህች አንገቷን ደፍታ የምትሄድ መምህርት ብቻ ናት።

«ስንት ያነሳል?» አላት።

«ሠላሳ ስድስት። ስምንቱ ግን ተነስቷል፤ ከዘጠኝ ነው የምንጀምረው።»

«የሰርግ ነው?»

«የሽርሽር። የቆየ ነው።»

«መምህር፣ ድምፅዎ አይሰማም እኮ! ተማሪዎቹ እንዴት ነው የሚሰሙዎት?»

«እነሱም አይሰሙኝም» አለች። ጠባቂው በዚያ ቀን የሳቀው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

መንገዱ ለሁለት ሲከፈል ጠባቂው ትንፋሹን ሊሰበስብ ቆመ። እሷ በግራው ገባች። እሳቱ ወደ ተነሳበት ቦታ የሚወስደውም የግራው ነበር።

እሳቱ ተነሳ የተባለበት ትልቅ ዛፍ ከስሎ ቆሟል። ሥሩ ሦስት የጠቆሩ ድንጋዮች አሉ። ጠባቂው በጫማው አመዱን ሲገፋ አንድ ነገር ተንቃጨለ። የቆርቆሮ ኩባያ ነው፤ እጀታው ላይ ሽቦ ተጠምጥሞበታል።

ጎንበስ ብሎ አነሳው። ቤታቸው ውስጥ ወንድሙ ሽቦ ያላዞረበት ዕቃ የለም። ስድስት ወር ሙሉ እስር ቤት ሲመላለስ «አንተ ነህ ወይ?» ብሎ ጠይቆት አያውቅም። መልሱን ፈርቶ ነበር።

ኩባያውን ወደ ገደሉ ሊወረውር እጁን አነሳ።

«አይጣሉት፣ ጋሼ። ከነበረበት ይመልሱት።»

«አንቺ ሴት! ወንድሜ ላይ ልታስፈርጂበት ነው እንዴ የመጣሽው?»

«እባክዎ። እኔ ሰው ፊት መናገር አይሆንልኝም። ፎቶው ይናገር።»

ኩባያውን በሦስቱ ድንጋዮች መሃል አስቀመጠው። አንድ ብቻ እስኪቀራት ደጋግማ አነሳችው። ከዚያ ካሜራውን ከበስተጀርባዋ ባለ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ፣ ዞር ብላ እንኳ ሳትፈልግ አኖረችውና መጥታ አጠገቡ ቆመች።

«ራሱን በራሱ ያነሳል?»

«አሥር ሰከንድ ይሰጣል።»

ካሜራው ሲጮህ ጠባቂው ጥርሱን ነክሶ ነበር።

ቁልቁል ሲወርዱ ቀድሟት ሄደ። እግሩ ሥር ተራራው እንዲሁ አመድ ነበር፤ እጁም አመድ አፋሽ ሆነ። በገዛ እጁ የወንድሙን ጉድ ቆፍሮ አወጣ። ከተማው ዳር ሲደርሱ መምህርቷ ፊልሙን አውጥታ መዳፉ ላይ አስቀመጠችለት።

«ከመጀመሪያው ጀምሮ ይታጠብልዎ። አንዱም እንዳይቀር። ከዚያ ለዳኛው ይስጡት።»

ድልድዩ ላይ ሲደርስ ቆመና ፊልሙን የያዘ እጁን ወደ ወንዙ ዘረጋ። ጣቱን ቢከፍት ወንድሙ ሊተርፍ ነው። የሞቱትን ሁለቱን አሰበ። የአንደኛውን አስከሬን የተሸከመው እሱ ራሱ ነበር። እጁን ሰበሰበ።

ባለ ፎቶ ቤቱ ሠላሳ ስድስቱንም በአንድ ወረቀት ላይ አጥቦ ሰጠው። «የመጨረሻዎቹ ልብ ያደማሉ» አለው። «መጀመሪያ ላይ ያሉት ግን እንዴት ያምራሉ!»

ጠባቂው አጉሊ መነጽሩን ተቀብሎ ወረቀቱ ላይ ጎንበስ አለ።

በስምንተኛው ፎቶ ላይ ትልቁ ዛፍ ቅጠሉን እንደለበሰ ነው፤ ከሥሩ በሦስቱ ድንጋዮች መሃል እሳት ይነዳል፣ ነፋስ ነበልባሉን ወደ ደረቁ ሣር አጋድሞታል፣ መምህርቷም ሽቦ የተጠመጠመበትን ኩባያ ከፍ አድርጋ ለካሜራዋ ትስቃለች።