የጋቢናው ቀበቶ

እናቱ «ልጄ፣ ትንፋሽ አጠረኝ፤ ሐኪም ቤት አድርሰኝ» ስትለው፣ ስንፍና ይዞት «መኪናው ጋራዥ ነው፣ እማዬ» ብሎ ዋሽቷት ነበር። ከቀብሯ በኋላ መኪናው የእውነት ጋራዥ ገባ፤ የቀበቶው ደወል አላስቀምጥ አላስቆም ብሎታል።

መካኒኩ መመርመሪያውን ከመሪው ስር ሰክቶ ውጤቱን ስልኩ ላይ አየ።

«ወንድሜ፣ መኪናህ ጤነኛ ነው። ጋቢና ያለው ሰው ቀበቶ ስላላሰረ ነው የሚጮኸው።»

«ጋቢና ማን አለና?»

«እኔማ ምኑን አየሁት! መሣሪያው ግን ሰው አለ ይላል፤ ከሳ ያለ ሰው።»

ባለመኪናው መካኒኩን ቀና ብሎ ማየት አቃተው። ቀበቶውን ስቦ ባዶው ወንበር ላይ ቆለፈው። ደወሉ ዝም አለ።

ቀበቶው ግን ወንበሩ ላይ አልተኛም። ስንዝር ያህል ርቆ ተወጠረና፣ ትንፋሽ እንዳጠረው ደረት ቶሎ ቶሎ ከፍ ዝቅ ይል ጀመር።