ካንዴላው ደህና ነው፣ ጋሼ

ዛፉ ሽብልቅን ሙሉ በሙሉ አልጨፈለቀውም። የያዘው ከጉልበቱ በታች ነው።

ሽብልቅ ስሙ አይደለም። በሰው ጠብ መሃል ካልገባ እንቅልፍ ስለማይወስደው የሰፈር ልጆች ያወጡለት ነው። ሥራው ዛፍ መጣል ነው፤ አብሮት የሚሠራው ደግሞ የእህቱ ባል። ሁሌም የሞተር መጋዙን የሚይዘው አማቹ ነው፣ ሽብልቅ በወዲያ በኩል ገመድ ይስባል።

ዛሬ ጠዋት ሽብልቅ የመጋዙን ነዳጅ ሞልቶ ክዳኑን ሲያጠብቅ አማቹ የዕቃ ቤቱ በር ላይ ቆሞ ነበር። እንደምን አደርክ ተባባሉ። አማቹ ዕቃ ሊጭን ወደ መኪናው ሄደ። ሲመለስ የቀኝ አውራ ጣቱን በጨርቅ ጠቅልሏል።

"ምን ሆነህ ነው?"

"የመኪናው በር ነከሰኝ፣ ጋሼ። ዛሬ አንተ ቁረጥ፣ ገመዱን እኔ ልያዝ።"

ሽብልቅ ለነገ ይደር አለ። ነፋሱ አላማረኝም አለ። ጫካው ድረስ ሄደውም ያንኑ ደገመ።

"እርጅና ነው በለኛ፣ ጋሼ! ካቃተህ እንመለስ፤ ለማንም አልናገርም" አለ አማቹ እየሳቀ።

እንዲህ ተብሎ የሚመለስ ወንድ የለም። ሽብልቅ መጋዙን አስነሳ። ግንዱን አጋምሶ ሳይጨርስ ሞተሩ ተንተባተበና ቀጥ አለ። ነፋሱም ያኔ መጣ። ግማሹ የተበላ ዛፍ ወዴት እንደሚወድቅ አያማክርም። አማቹ ገመዱን ይዞ ራቅ ብሎ ነው የቆመው። መጋዙ ከሽብልቅ እጅ አምልጦ ሳር ላይ ተንከባለለ፣ አንድም ነገር አልሆነም።

ስልኩ ኔትወርክ የለውም።

"ሂድና ሰው ጥራ!"

"ደርሼ እስክመለስ ደምህን አፈር ይጠጣዋል፣ ጋሼ። መጋዙን ላስነሳና ግንዱን ልቁረጥልህ። ንገረኝ ብቻ፣ ከየት ልጀምር?"

አማቹ እንጨት እንጂ ሞተር አያውቅም። ሽብልቅ ግን ያንን አሮጌ መጋዝ እንደ ልጁ ያውቀዋል። ሳሉን ሰምቶ በሽታውን ይናገራል። ዛሬ መስማትም አላስፈለገው። በነዳጅ መያዣው በሰልባቲዮው ውስጥ ከነዳጁ ጋር ውሃ አለ። ጠዋት የጨመረው ራሱ ነው።

ባለፈው ሳምንት እህቱ ክንዷን በጀሶ ታስራ መጣች። "ደረጃ ላይ ወድቄ ነው" አለችው። ቤቷ ደረጃ የለውም። ሽብልቅ ያኔ እንደ ልማዱ ጠብ መሃል አልገባም፤ ዘዴ አሰበ። ውሃው ሞተሩን በመሃል ያንቀዋል፣ ዛፉ ሰውየውን ይወስደዋል፣ ለቀስተኛው ደግሞ አደጋ ነው ይላል። ጉድጓድ ስትቆፍር አታርቀው ይባላል። ሽብልቅ አርቆ ቆፈረና ራሱ ገባበት። ያቺን የተጠቀለለች ጣት ካየ በኋላ ነዳጁን የሚደፋበት ጥግ ሲፈልግ አረፈደ፣ አማቹ ግን እንደ ጥላ ከጎኑ አልጠፋ አለው።

አሁንም "ሰልባቲዮውን ድፋው" ቢል ይድናል። ግን ጣጣ አለው። የተቀዳው ከጀሪካን ነው፣ ጀሪካኑም መኪናው ላይ አለ። የጀሪካኑ ንጹህ ሆኖ የመጋዙ ውሃ ከሆነ፣ መሃል ላይ ማን ነካው? የሚስቱን ክንድ የሰበረ ሰው ይህን ሲረዳ፣ እግሩ የተያዘ ሰው ወዴት ይሮጣል?

"ካንዴላውን ፍታው" አለ ሽብልቅ።

አማቹ ፈታው። በሸሚዙ ጠረገው፣ ወደ ብርሃኑ አዙሮ አየው፣ መለሰው። በተጠቀለለው እጁ የማስነሻውን ገመድ ሳበ። ደግሞ ሳበ። በኃይል ሳበ። ሞተሩ ዝም።

"ካንዴላው ደህና ነው፣ ጋሼ። ቀጥሎስ?"

"የአየር ፊልትሮው።"

አወጣው፣ ጉቶ ላይ አራገፈው፣ እፍ አለበት።

"ይሄም ደህና ነው። ቀጥሎስ?"

"ምን ያንቀራፍፍሃል! እየሞትኩ እኮ ነው!"

"አይዞህ፣ ጋሼ። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች።"

የነዳጁን ቱቦ አስነቀለው። ካርቡሬተሩን አስፈታው። አማቹ አንዴም ሳይቃወም የፈታትን ብሎን ሁሉ በወግ በወጉ ቅጠል ላይ ደረደረ፣ መልሶም ገጠመ። የሽብልቅ እግር መጀመሪያ ነደደ፣ ከዚያ በረደ፣ ኋላ የሌላ ሰው እግር ሆነ። ከስሩ ያለው ሳር ጠቁሯል። እህቱ ትዝ አለችው። ከእሱ ሌላ ወንድም የላትም።

"ሰልባቲዮውን" አለ በመጨረሻ። ድምፁ ለራሱም አልተሰማውም። "ድፋው። ውሃ ገብቶበታል። ከጀሪካኑ ሌላ ሙላበት።"

ዓይኑን ጨፈነ። "በምን አወቅህ?" እስኪባል ጠበቀ። "ማን ጨመረበት?" እስኪባል ጠበቀ።

አማቹ መጋዙን አስቀምጦ ጉቶው ላይ ተመቻችቶ ተቀመጠ፤ ጨርቁንም ከአውራ ጣቱ ላይ ቀስ ብሎ መፍታት ጀመረ።

ጣቱ ደህና ነበር።