የሻንታ አደራ

ጠዋት የባዮሎጂ መምህርቷ ጥሩሸዋ ስትለካት፣ ቱልሲ የምትባለው በሶብላ መሳይ ተክል ሃያ ሦስት ሴንቲሜትር ነበረች። ሕንዳዊቷ ባልደረባዋ ሻንታ ከመሐል ሜዳ ከተማ ለእረፍት ወደ አገሯ ስትሄድ፣ «የምጸልየው ፊቷ ቆሜ ነው፤ ይቅርታ ሳትጠይቂ ቅጠሏን እንዳትነኪ» ብላ ከነጣሳዋ አደራ ሰጥታት ነበር።

ከሰዓት ስትመለስ ጣሳው ውስጥ የቀረው ጉቶ ብቻ ነው። ቅጠሉ በአከራይዋ በእትዬ ወለተኪዳን ሰፌድ ፀሐይ ላይ ተሰጥቷል።

«እትዬ፣ ምን ነካዎት?»

«ለሽሮዬ በሶብላ ቀጠፍኩ። ለቅጠል ነው እንዲህ ፊትሽ የሚጠቁረው?»

«የሰው ጸሎት እኮ ነው። እኔ በጠበልዎ ወጥ ብሠራ ዝም ይሉኛል?»

«ጠበልን ከቅጠል ጋር አታወዳድሪብኝ።»

«እንግዲያው ይቅርታ ይበሏት።»

«ጉቶውን?» ብለው እየሳቁ ወደ ጣሳው ዞሩ። ሳቃቸው ተቋረጠ። ቱልሲዋ ከነቅጠሏ ቆማለች። ሰፌዱም ላይ ያለው ቅጠል አልጎደለም።

እትዬ ወለተኪዳን በንዴት መቀሳቸውን አንስተው ከሥሯ ቆረጧትና ሰፌዱ ላይ ወረወሯት።

«አሁንስ?» አሉ።

ጥሩሸዋ ማስመሪያዋን ጣሳው ውስጥ አቆመች።

ሃያ ሦስት ሴንቲሜትር።