ካልሲ የለበሰው ጠርሙስ

እኛ የብርዳ ኮረብታ ወይን አብቃዮች በየዓመቱ ነጭ ወይናችንን ስንቀማመስ፣ የማን እንደሆነ እንዳይታወቅ ጠርሙሳችንን ካልሲ አልብሰን እናመጣለን። የራሱን ወይን ያልለየ ብርጭቆ ያጥባል። ባሌን ስታንኮን በየካቲት ስለቀበርን ዘንድሮ ዞራን፣ ኔቬንካና እኔ ሦስት ብቻ ነበርን፤ ጠረጴዛው ላይ ግን አራት ጠርሙስ ቆሟል።

ዞራን አራተኛውን ቀምሶ ደነገጠ። «ይሄ የስታንኮ ነው!»

«ብርጭቆ ማጠቡን ፈርተህ ነው፤ አትቀባጥር!» ብላ ኔቬንካ ሳቀችበት።

«የሱማ ጠብታ አልቀረም» አልኩ። «ምድር ቤቱን ስንቴ ፈነቀልኩት!»

ብርጭቆውን ነጥቄው ጠጣሁ። የሱው ነው። ጠርሙሱን ደረቴ ላይ ለጥፌ፣ «ስታንኮዬ፣ የት ነህ?» እያልኩ ተንሰፈሰፍኩ።

ያኔ ካልሲውን አየሁት። ተረከዙን በቀይ ክር የጠገንኩለት፣ የሬሳ ሳጥኑ ሳይዘጋ በገዛ እጄ እግሩ ላይ ያጠለቅሁለት ነው።

ገና አሁን ከእግር የወለቀ ይመስል ይሞቃል።